ቀዝቃዛ ምድጃ

እኔ ደጅ ጠባቂ ነኝ፤ ሙያዬ መጠየቅ፣
ከሰው ገላ ላይ ብረትን ለቅሞ ማራቅ።
ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ቀበቶ፣ የጆሮ ጉትቻ፤
አንዲት የማና ሴት ስቃ፦ «የቀረኝ ነፍስ ብቻ!»

ከበሩ ወዲያ ማዶ እሱ ተቀምጧል፤
ሰው ቢገባ ባይገባ ሌት ተቀን ይስባል።
የጅማ መብራት ሲሄድ፣ ኮሪደር ሲጨልም፣
ጄነሬተሩ አንቆት ሲያስል፣ ሲያጉረመርም፣
እሱ ግን አይጠፋም።
በሽቦው ጥምዝምዝ፣ በሂሊየም ብርድ ውስጥ፣
ያኔ የሰጡት ጅረት፣ ሳይሰንፍ፣ ሳይሟጠጥ፣
እስከ ዛሬ ይዞራል፤ መንገዱ ላይ ጠጠር የለም።
ሂሊየሙ ስንት ቀረ ብዬ፣ እንደ በጋ ጉድጓድ፣
ልኩን የማየው፣ እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ።

ሐምሌ ነው። አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ይልሳል።
ሰኞ ለት አባ ዲጋ ከዴዶ ወረዱ፣
ቀኝ እግር ከድቷቸው፣ ልጅ ላይ ተንጋደዱ።
«ልብዎ ውስጥ ባትሪ አለ?» ሸምሲያ መለሰች፦
«የለም።» «ጥይትስ?» «የለም።» «ሥራቸውስ?»
ኮሪደሩን አየች፣
እንደ ሰው ገመና ድምጿን ቀነሰች፦
«ቀጥቃጭ ናቸው» አለች።
አግዳሚው ላይ ሁለት ሰው ፈቀቅ አለ።
አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላ ሸፈነች።

እኔም ሐሳብ ገባኝ፤ የኔው ግን ሌላ ነው፦
ስልሳ ዓመት መስፍ ላይ ብረት የመታ ሰው፣
ከመዶሻው ያመለጠች፣ ከጤፍ ያነሰች ስባሪ
ከብሌኑ ጀርባ ትሆናለች ኗሪ።
ሰውየው ረስቷታል፤ ማግኔቱ ግን አይረሳም፤
ሲጠራት፣ ዐይን ሳትቀድ ከቦታዋ አትነሣም።
«መጀመሪያ» አልኩ «ዐይናቸው ራጅ ይነሣ።»

አንገታቸውን ደፉ።
ሸምሲያ ጠጋ ብላ፦ «የዐይናቸውን ነገር ማን ነገረሽ?» አለችኝ፤
ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ሁለት ጥቁር ጉድጓድ፣ ዙሪያቸው ነጭ አጥንት፤
ብናኝ የለ፣ ጭረት የለ፣ ምንም፣ እንኳን አንዲት።
ወጣሁና፣ ሁልጊዜ ለሁሉም እንደምለው፣
ፎርሙን እየሞላሁ፦ «ዐይንዎ ንጹሕ ነው።»
አልሰሙኝም መሰለኝ፤ በቋንቋቸው ደገምኩት፦
«ኢጂ ኬሰን ቁልቁሉዻ» — ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት።
ኮሪደሩ ሰማ።

ሰባ ዓመት ሙሉ፣ ላም ሲታለብ፣ ሕፃን ሲጠባ፣
መሬት ላይ የኖረ ዐይን ቀና አለ፤ ሞላ እንባ።
«ይኼው ቃል ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል?» አሉኝ።
«አዎ።»
«ማኅተምስ አለው?»
አለው። ክብ፣ ሰማያዊ፣ ግማሹ የደበዘዘ።

ከዚያ ተኙ። ገፋሁ ወደ ዋሻው አፍ።
ጀመረ መቀጥቀጡ፦ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ድው፣ ድው።
ስንቱ ጎበዝ እዚህ ጋ መጥሪያውን ጨምቆ ጮኸ!
እሳቸው ግን፣ በመስታወቱ ሳይ፣
በአንዲት ጣት ምቱን ይቆጥራሉ።
«አይንቀሳቀሱ» አልኩ በድምፅ ማጉያው። ጣቷ ቆመች።

ሲወጡ፦ «ማነው ውስጥ ያለው ባለ መዶሻ?
እጁ ደህና ነው፤ ግን ወናፍ አልሰማሁ፣ ፍም አልሸተተኝ፤
ብረቱን ሳያግል ምን ያወጣል?»
«እሱ በእሳት አይሠራም» አልኩ፤ «ብርዱ ነው እሳቱ፤
የዴዶ ውርጭ እንኳ ከሱ ጋ ትኩሳት ነው።»
ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀዝቃዛ ምድጃ» አሉ፣ እንደ ሰው ስም።
ጥቂት ቆይተው፦ «እሱንም ይፈሩታል?»
በሩን አየሁት፦ ቀይ መብራት፣ ድርብ ቁልፍ፣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ።
«ይፈሩታል። ሲታመሙ ግን ይመጣሉ።»
ሳቁ።
«እኔም ጋ ይመጣሉ» አሉ፤ «ማረሻ ሲዶለዱም።»

ዝናቡ አላባራም። የወገባቸውን ፊልም ልጅ ተሸከመች፤
የዐይናቸውን ወረቀት እሳቸው፣
በላስቲክ ጠቅልለው፣ ኮት ውስጥ፣ በደረት በኩል።